ስምንት ነጥብ ዜሮ አራት

ኡቡንቱ ከሊኑክስ ቤተሰብ የሆነ፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሥርዓተ ክወና ነው፤ የቨርዥኑ ቁጥር ዓመትና ወር ነው። 8.04 ሲባል በፈረንጆቹ 2008፣ በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም.። አዲሱን ሺህ ዓመት የተቀበልንበት ዓመት ነውና ሰው ሁሉ የየራሱን ያስታውስበታል። እኔ የማስታውሰው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ፣ ከዶርም ዶርም ስትዞር የነበረችውን የካርቶን ማቀፊያ ያላት ሲዲ ነው። ሲዲዋ ለእኔ የደረሰችው ከወራት በኋላ፣ ከ2001 ጥምቀት ማግስት ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አግኝቼ ምን ልጫንበት እያልሁ ስጨነቅ ከረምሁ። ዛሬ ሰው ይህን ጥያቄ ስልኩን ከፍቶ በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል። ያኔ ግን ለመወሰን ሰው መጠየቅ፣ ሻይ ቤት መቀመጥ፣ ሲዲና ፍላሽ መዋዋስ ነበረበት።

የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነበርሁ። ለመመረቂያ ጥናቴ የያዝሁት የዳባትና የደባርቅ አካባቢን የለቅሶ ግጥም ነው። አያቴ ዳባት ስለነበረች አልቃሾቹን የምታውቃቸው እሷ ነበረች፤ ከእሷ ጋር ሆኜ ለቅሶ ቤት እየገባሁ፣ ቤተ ዘመዱን አስፈቅጄ፣ በትንሽ የድምፅ መቅጃ ሙሾውን ቀዳሁ። ድምፁ ኤምፒ3 ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ ቃል በቃል እየሰማሁ መጻፍ ነበረብኝ። ደጋው ላይ አንዲት ጥሩ አልቃሽ በአንድ ቀን ለቅሶ የምታወርደው ግጥም፣ የሟቹን ዘር፣ እርሻውን፣ ፈረሱን፣ ያልተመለሰለትን ውለታ ሁሉ ይዞ ይወርዳል፤ ድገሚ ቢሏት ግን ያንኑ አትደግመውም። ስለዚህ በእጄ የነበሩት ፋይሎች ቢጠፉ ሌላ ቀን ሄጄ የማመጣቸው አልነበሩም። ስለ ኮምፒውተር ማሰብ የጀመርሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ላፕቶፑ ከጀርመን መጣ። እዚያ የምትኖር አክስቴ፣ መሥሪያ ቤቷ በአዲስ የተካውን ዴል ላቲቱድ ዲ600 ጠይቃ ወስዳ ለጥምቀት በሚመጣ ሰው እጅ ላከችልኝ። ራሙ 512 ሜጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 40 ጊጋባይት ነበር። ደውዬ ሳመሰግናት «በደንብ ያዘው ልጄ፤ የአያትህን አገር ጻፍበት» አለችኝ። ውስጡ ያለው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጀርመንኛ ነው፤ የቁልፍ ሰሌዳውም የጀርመን ነው። በጀርመን ሰሌዳ ዋይና ዜድ ቦታ ተቀያይረው ነው የሚቀመጡት። የላቲን ፊደል ድምፅ እየተከተለ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጣቱ «የ»ን ፈልጎ ሲሄድ «ዘ» ይመጣበታል።

በዚያ ዘመን ማራኪ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ሌላ መከራ ደግሞ ፍላሽ ነበር። ከግቢው በር ፊት ለፊት ከተደረደሩት የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ አንድ ምዕራፍ ላሳትም ፍላሼን ሰጠሁ። ልጅቱ ከፍታ አየችና «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ባዶ ነው» አለችኝ። ባዶ አልነበረም። ከማሽን ማሽን የሚዘለው ቫይረስ ማኅደሮቹን ደብቆ በእያንዳንዱ ስም የማኅደር ምስል የለበሰ ፕሮግራም ተክቶባቸው ነበር፤ የተተካውን የከፈተ ሰው በራሱ እጅ ቫይረሱን ያስነሣዋል። የብዙዎቻችን ዊንዶውስ ክራክ የተደረገ (ያለ ፈቃድ የተከፈተ)፣ የደኅንነት ማሻሻያ ደርሶት የማያውቅ፣ ፀረ ቫይረሱም ጊዜው ያለፈበት ስለነበር በሽታው ከግቢ አይወጣም። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠና የአገሬ ልጅ ግን ፍላሼን በእሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካው፤ የተደበቁት ማኅደሮች ሁሉ በግልጽ ተዘርዝረው ወጡ። «ይኸው፣ አንዱም አልጠፋ» አለኝ። ለዊንዶውስ የተጻፈ ፕሮግራም በዚያ ማሽን ላይ በራሱ አይነሣም። ማሽኑ ላይ የተጫነው 8.04 ነበር።

ሲዲዋ እንዴት ጎንደር እንደደረሰች ማወቅ ይገባል፤ ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው እያነሰ ነውና። ኡቡንቱን የጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ፣ ከአፍሪካ መጀመሪያ ጠፈር የደረሰው ሰው ነው። የመጀመሪያው ቨርዥን ጥቅምት 1997 ዓ.ም. ወጣ። ካኖኒካል የተባለው ኩባንያው «ሺፕኢት» በሚባል አገልግሎት፣ ኢንተርኔቱ ለማውረድ የማይበቃው ሰው ሲዲውን በፖስታ እንዲያገኝ ያደርግ ነበር፤ ሲዲውም መላኪያውም በነፃ። ሰባት መቶ ሜጋባይት ለማውረድ ከኢንተርኔት ቤት ስንት ቀን መዋል እንደሚጠይቅ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኛ ዘንድ ፖስታ እቤት ድረስ አይመጣምና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያለው ሰው ተፈልጎ በእሱ ስም ይታዘዛል፤ ከሳምንታት በኋላ ፒያሳ ካለው፣ ጣሊያን ከሠራው ፖስታ ቤት ፖስታው ይወጣል። ማቀፊያው ላይ ሲዲውን መቅዳት፣ ማባዛት፣ ለጓደኛ መስጠት የተፈቀደ መሆኑ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ያለክራክ አንድም ሶፍትዌር አይቶ ለማያውቅ ተማሪ፣ ያንን ማንበብ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የገዛኝ እሱ ይመስለኛል። ከአያቴ ጎረቤቶች የተቀበልሁትን ግጥም በተሰረቀ ፕሮግራም መጻፍ ደስ ሳይለኝ ቆይቶ ነበር።

ሆኖም ሊኑክስ ልጫን ማለት አንድ ነገር ነው፣ የትኛውን የሚለው ሌላ። ማራኪ ያለ አንድ ሻይ ቤት ሆነን የተከራከርንበትን ምሽት አልረሳውም። የኮምፒውተር ላብ ቴክኒሺያን የነበረ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው አብሮን ተቀምጧል። አንዱ ልጅ ጥቅምት ላይ የወጣው 8.10 ይሻላል አለ፤ አዲስ ነው፣ የኔትወርክ መሣሪያው ተሻሽሏል፣ በዩኤስቢ የሚሰካውን የስልክ ሞደም በቀላሉ ያውቃል። ሌላው ፌዶራ የሚባለውን ሌላ ሊኑክስ አለ። የአገሬ ልጅ ደግሞ ሊኑክስ ሚንት 5ን አነሣ፤ ከ8.04 ላይ የተሠራ ሆኖ፣ ኤምፒ3 ማጫወቻውን አብሮ ይዞ ይመጣል። ይህ ለእኔ ዋና ጉዳይ ነበር። ኡቡንቱ ያኔ እንደተጫነ ኤምፒ3 አያጫውትም፤ ቴክኖሎጂው በፓተንት የተያዘ ስለነበር ማጫወቻው ከኢንተርኔት ለብቻው እንዲወርድ ይተዉታል። የፓተንቱ ፈቃድ ሽያጭ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሙሾዎቼ ሁሉ ኤምፒ3 ነበሩ።

ጋሼ እስክንጨርስ ዝም ብሎ ሰማን። ከዚያ «8.10 ስንት ጊዜ ነው ድጋፍ ያለው?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ዓመት ተኩል። «8.04ስ?» የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ስለሆነ ለዴስክቶፕ ሦስት ዓመት። ፌዶራ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር። «እሽ፤ አሁን ደግሞ ልጠይቃችሁ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው የጫነው የትኛውን ነው?» አለ። የምናውቃቸውን ሁሉ በስም ጠራን፤ ሁሉም 8.04 ነበሩ። «እንግዲያ ምን ያከራክራችኋል?»

ያልገባው ሰው ይህን ብዙኃኑን መከተል ይለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በኡቡንቱና ዴቢያን በሚባለው ሌላ ሊኑክስ ሶፍትዌር የሚጫነው ዴብ በሚባሉ ጥቅሎች ነው። አንድ ሰው ኢንተርኔት ባገኘበት ቀን የሚያወርደው ጥቅል ሁሉ፣ ከተጫነ በኋላም፣ በማሽኑ ውስጥ ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ በሚባለው የማኅደር መንገድ ተቀምጦ ይቆያል። ያንን ማኅደር በፍላሽ ቀድቶ ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል፤ አፕትኦንሲዲ የሚባል ፕሮግራምም ነበር፣ የተጠራቀመውን ጥቅል በሲዲ ጽፎ ለሌላ ማሽን የሚያበቃ። ነገር ግን ጥቅሎቹ ለአንድ ቨርዥን የተሠሩ ናቸው። የ8.10ን ጥቅል 8.04 ላይ ልጫን ቢሉ፣ ይኼኛው ያንን ላይብረሪ በዚህ ቁጥር እፈልጋለሁ ይላል፣ ያም ሌላ ይጠይቃል፣ መጨረሻ የለውም። ስለዚህ አንድ የማራኪ ተማሪ አዲስ አበባ ለዕረፍት ሄዶ ያወረደው የቪዲዮ ማጫወቻ፣ ሌላዋ ባሕር ዳር ያገኘችው መዝገበ ቃላት፣ ለሁላችን የሚሆነው ሁላችንም አንድ ዓይነት ቨርዥን ከያዝን ብቻ ነው። ብቻውን አዲሱን የመረጠ ሰው ከዚያ ሁሉ ማኅደር ውጭ ይቀራል። እኔ ምርጫ ማለት የማሽኑን አቅምና የራስን ፍላጎት ማየት ይመስለኝ ነበር፤ በዚያ ምሽት ግን ጎረቤትን ማየት መሆኑ ገባኝ፤ ዛሬም ድረስ የማምነው ይህንኑ ነው።

ጋሼ እሱ ራሱ ዴቢያን ወዳድ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በየካቲት፣ ዴቢያን 5 ሲወጣ ሙሉውን ስብስብ በዲቪዲ ከሚያመጣለት ሰው ጋር ተነጋግሮ አስመጣ። ዲቪዲዎቹ ውስጥ ከ20 ሺህ የሚበልጥ ጥቅል አለ፤ ኢንተርኔት ለሌለው አገር ከዚያ የተሻለ የለም ይል ነበር፤ ትክክል ነው። የመጫኛው ቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ መኖሩንም ጠርቶ አሳየን። ዲቪዲዎቹ ግን የእሱ የአንድ ሰው ናቸው፤ የእኔ ጓደኞች ፍላሽ ብዙ ነበር።

8.04ን ጫንሁ። በመጫኛው መካከል የቁልፍ ሰሌዳውን የሚጠይቅ ገጽ አለ፤ የእንግሊዝኛውን መረጥሁና የ«የ»ና የ«ዘ» ጣጣ ያኔውኑ አበቃ። የዋይፋይ ካርዱ አልሠራም። ካርዱ የሚፈልገው ፈርምዌር የሚባል ፋይል ከሊኑክስ ጋር እንዲሰራጭ ስላልተፈቀደ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የሚገኘው በካርዱ ነው። የአገሬ ልጅ ሌላ ልጅ ዘንድ ሄዶ ፋይሉን በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ኤምፒ3 ማጫወቻውንም እንደዚያው። በማግሥቱ የአንዲት የዳባት አልቃሽ ድምፅ ከዚያች ማሽን ወጣ።

ከሁሉ የረዘመው ሥራ አማርኛው ነበር። እስከዚያ የጻፍሁት በጊዜው በየቢሮው በተለመደ የአማርኛ መጻፊያ ነው። እነዚያ አሮጌ ፎንቶች የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ፊደል ኮድ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት፤ ፎንቱ ሲኖር አማርኛ ይመስላል፣ ፎንቱ ሲነሣ የተበተነ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ሁለት ፕሮግራም ካለ ደግሞ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። ኦፕን ኦፊስ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ ምዕራፌን ስከፍተው የመጣልኝ ያ ነበር። የግዕዝ ፊደል ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ «ሀ» በየትም ማሽን፣ በየትም ፎንት «ሀ» ነው። ሊኑክስ የሚያውቀው ይህንኑ ስለሆነ ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ሁሉንም እንደገና ጻፍሁት።

ጋሼ ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ያወጣውን አቢሲኒካ የተባለ ፎንት ሰጠኝ። አቢሲኒካ ከብራና ቁም ጽሕፈት ወግ ተነሥቶ የተሠራ ነው፤ ማንም እንዲያባዛው፣ እንዲያሻሽለውም የተፈቀደ። የእነ በአታና ቁስቋም አድባራት ባሉበት ከተማ፣ ጸሐፊዎች በመቃ ብዕር ሲስሉት የኖሩትን ፊደል ቅርጽ በዚያ አሮጌ ስክሪን ላይ ሳየው የተሰማኝን ደስታ አሁንም አውቀዋለሁ። መጻፊያው ስኪም በሚባል ፕሮግራም በኩል የሚሠራው «ሴራ» ነበር። ትንሿ ቲ «ተ»ን፣ ትልቋ ቲ «ጠ»ን ትሰጣለች፤ ትንሿ ኤስ «ሰ»ን፣ ትልቋ «ጸ»ን። በጥቂት ቀን እጅ ይለምደዋል። ደግሜ ስጽፍ እያንዳንዱን ሙሾ ደግሜ ሰማሁ፤ በመጀመሪያው ጽሑፍ ያለፉኝ ቃላት፣ የደጋው ሰው ብቻ የሚላቸው የእርሻና የፈረስ ዕቃ ስሞች፣ ያን ጊዜ ነው የተያዙት። የጥናቴ ጥሩው ክፍል የተወለደው ከዚያ ድግግሞሽ ነው።

ሚያዝያ 2001 ላይ 9.04 ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ሊሄድ ፈለገ፤ ፈጥኖ ይነሣል፣ ኤክስት4 የሚባለውንም አዲስ የፋይል ሥርዓት መምረጥ ያስችላል። ያ ዓመት መብራት በፈረቃ የነበረበት ነው፤ የውኃ ግድቦቹ አንሰው አገሩ ሁሉ ተራ ይጠብቃል። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከጀርመን ሲመጣም ደክሞ ነበር፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ጋሼ አንድ ነገር አንብቦ ነገረን፦ ኤክስት4ን የሞከሩ ሰዎች፣ ማሽኑ በድንገት ሲጠፋ በቅርብ የጻፉት ፋይል ስሙ ቀርቶ ውስጡ ዜሮ ባይት ሆኖ አግኝተውታል። አዲሱ ሥርዓት ለፍጥነት ሲል ጽሑፉን ዲስክ ላይ ከማስፈሩ በፊት ትንሽ ያቆየዋል፤ በዚያ መካከል መብራት ከሄደ የቆየው ይጠፋል። አሮጌው ኤክስት3 በተለመደው አሠራሩ በየአምስት ሴኮንዱ ገደማ ያሰፍራል። የሊኑክስን ከርነል የሚሠሩት ሰዎች ችግሩን በኋላ አስተካክለውታል። እኔ ግን መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ዳግመኛ በማይገኝ ግጥም ላይ አዲስ ነገር አልሞክርም ብዬ 8.04 ላይ ቀረሁ። ተመርቄም ከዚያው ጋር ወጣሁ።

ወደ 10.04 የተሸጋገርሁት በ2002 ክረምት፣ ጓደኞቼ አብረው ስለተሸጋገሩ ነው። ሺፕኢት በ2003 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ዓለም ብሮድባንድ አግኝቷል ተባለ። ጎንደር ገና አላገኘችም ነበር። 12.04 ሲመጣ የዚያች ዴል ፕሮሰሰር አለኝ ብሎ የማያሳየውን ፒኤኢ የሚባል ችሎታ ዋናው የኡቡንቱ ሲዲ ስለሚጠይቅ አልነሣ አለ፤ ያኔ ወደ ጋሼ ዴቢያን ገባሁ። የእሱ ምክር በዚህም ትክክል ነበር፤ ዴቢያን አሮጌ ማሽኖችን ከብዙዎቹ በላይ ታግሦ ይዟቸዋል። የ32 ቢት መጫኛውን ያቆመው ገና በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በ13ኛው ቨርዥን ነው። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ኡቡንቱ ለየቨርዥኑ የእንስሳ ስም ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ከርከሮ ነበር፣ የእኛው 8.04 ሳቢሳ። በእንግሊዝኛ ዋልያ የሚጀምርበት ፊደል ሁለት ጊዜ ተራው ደርሶት ሁለቱንም ለሌላ ሰጡት። ከስሜን ሌላ የትም የማይገኘው እንስሳ ተራው ሲመለስ ቢታሰብ እወዳለሁ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየ ጊዜ፣ ጎንደር ያሉ ወጣቶች ጥቅል በፍላሽ መዋዋስ እንደገና ጀምረው እንደነበር ሰማሁ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ችግሩ ያው ስለሆነ መላውም ያው ሆነ።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ አበቃ። ደባርቅ የሚማረው የእህቴ ልጅ በዚያው ሰሞን ደወለልኝ። ላፕቶፑ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው፤ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ፕሮሰሰሩ ስድስተኛ ትውልድ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ስለሆነ፣ ደህና ማሽን ሆኖ ሳለ በዝርዝሩ የለም። «አጎቴ፣ የቱን ሊኑክስ ልጫን? አዲሱ 25.10 ወጥቷል አሉኝ» አለ። 25.10 የዘጠኝ ወር ድጋፍ ብቻ እንዳለው ነገርሁትና፣ አጠገብህ ያለ ሰው የቱን ነው የያዘው አልሁት። አጣርቶ መልሶ ደወለ፤ የኮምፒውተር መምህራቸውና ጥቂት ልጆች ሊኑክስ ሚንት 22 ጭነዋል። ሚንት 22 በኡቡንቱ 24.04 ላይ የቆመ ነው፤ እስከ ሚያዝያ 2021 ዓ.ም. ድጋፍ አለው፤ ኤምፒ3ም ያጫውታል። እሱን ጫን አልሁት። የሙሾ ፋይሎቹን ላክሁለት፤ ያኔ በ8.04 የጻፍሁት የዩኒኮድ ጽሑፍ እዚያ ማሽን ላይ ያለ ምንም መለወጫ ተከፈተ፤ የቅድመ አያቱን ጎረቤቶች ግጥም አነበበ።

ለሌሎቹ ልጆች የሚቀዳበት 8 ጊጋባይት ፍላሽ እንድልክለት ጠይቆኝ ነበር። 64 ጊጋባይት ገዝቼ በደባርቅ አውቶቡስ ላክሁለት፤ መጫኛው 3 ጊጋባይት አካባቢ ነው የሚይዘው፣ ቀሪው ለዴብ ጥቅሎች ይሆናል።